አዲስ ፖሊስ ጣቢያ የሚጎበኝ ክበብ ከቀለሙ ይልቅ መዝገቡን ይመልከት

የበጎ ፈቃድ ክበብ አዲስ ፖሊስ ጣቢያ ሲጎበኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ይታወቃል፦ አዛዡ ቢሮ ንግግር፣ አንዳንድ ለስላሳ፣ ደጅ ላይ ፎቶ፣ ሽኝት። ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣም ሆነ ቡሬ፣ ሰው ጣቢያ የሚሄደው ግን በሬው ሲሰረቅበት፣ በእርሻ ድንበር ሲጣላ ወይም ልጁ ሲታሰርበት ነው። ጉብኝቱም የዚያን ሰው መንገድ ቢከተል ይሻላል፤ ከበሩ ጥበቃ እስከ ማረፊያ ክፍሉ።

ደብዳቤው ቢያንስ ከሳምንት በፊት ለከተማው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ይግባ፤ ግልባጩ ለጣቢያው። ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም የሌለው ደብዳቤ መዝገብ ቤት ላይ ይቀራል፤ ማኅተም የሌለው ክበብ በትምህርት ቤቱ ወይም በቀበሌው በኩል ያጽፍ። የስም ዝርዝር ይያያዝ፣ ሁሉም መታወቂያ ይያዝ። ከ15 ሰው በላይ አይሁን። 40 ሰው ከገባ ኮሪደሩ ይዘጋል፣ ኋላ የቆመውም አንድ ነገር ሳይሰማ ይመለሳል። የገበያ ቀን ይቅር። ሰኞ ጠዋትም አይሆንም፤ ቅዳሜና እሑድ የተያዙትን ፍርድ ቤት ለማድረስ የሚሮጥበት ሰዓት ነው።

ግማሹ ጊዜ ተረኛ ክፍል ላይ ይዋል። አቤቱታ ሲመጣ ማን ይጽፋል? በየትኛው መዝገብ ቁጥር ይገባል? አቤት ባዩስ ቁጥሩን በወረቀት ይዞ ይወጣል ወይ? ቁጥር ያልያዘ ሰው በማግስቱ ሌላ ተረኛ ሲያገኝ ጉዳዩን ከሀ ይጀምራል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 14 መሠረት የቀረበው ክስ ወይም አቤቱታ በጽሑፍ ይሰፍራል፣ ለአቅራቢው ይነበብለታል፣ እሱም ቀን ጽፎ ይፈርማል። የሚበላሸው ማንበቡ ሲዘለል ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሽማግሌ «ገፋኝ» ያለው «መታኝ» ተብሎ ይጻፍበትና የጣት አሻራውን አኑሮ ይሄዳል። ከወራት በኋላ ችሎት ሲቆም ቃሉ ከወረቀቱ ጋር ይጋጫል፤ መዝገቡም እዚያው ይሞታል።

ቃል መቀበያው ክፍል በሩ ይዘጋ እንደሆነ፣ ኮርኒስም ገብቶለት እንደሆነ ይታይ። ኮርኒስ የሌለውን ቆርቆሮ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድበት መርማሪውም ተናጋሪውም ይጮሃሉ፤ የተደፈረች ልጅ ቃል ኮሪደሩ ሁሉ ይሰማዋል። የእሷ ጉዳይ ደግሞ ሰዓት ይቆጥራል። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ የሕክምና ማስረጃውም ገላዋን ሳትታጠብ ቢወሰድ ይመረጣል። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ቃሏን ጨርሳችሁ ነው ወደ ሆስፒታል የምትልኩ ወይስ አስቀድማችሁ?

ማረፊያ ክፍሉን ሰው በሌለበት ለማየት ይጠየቅ፤ ሰው ካለበት ከበር አይታለፍ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ለጉዞ የሚፈጀው ተገቢ ጊዜ አይቆጠርም። አንቀጽ 36 ደግሞ ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ይላል። ሕንፃው አንድ ማረፊያ ክፍል ብቻ ካለው ልጁ የት እንደሚያድር መጠየቅ ነው። አንቀጽ 21 ቤተሰብ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ ታሳሪን እንዲጎበኙ ይፈቅዳል፤ ሰዓቱ በር ላይ ካልተለጠፈ ግን ከገጠር ስንቅ ተሸክማ የመጣች እናት «አልፏል» ተብላ ትመለሳለች።

ፎቶ ከግቢው ውጭ ቢቀር ደግ ነው፤ ስልኮቹ በር ላይ ይቀመጡ። የታሳሪ ፊት በፍጹም አይነሳ፤ ያልተፈረደበት ሰው ነው። የመሣሪያ ክፍልና የጥበቃ ቦታም እንዲሁ፣ በተለይ ሰዓት እላፊ በሚታወጅበት ወቅት።

የአካል ጉዳተኛ መግቢያው ተዳፋት ከሆነ ተሽከርካሪ ወንበር ገፍቶ መሞከር ነው። ለዓይን ያማረ ሆኖ ቁልቁለቱ የማይወጣ ስንት አለ!

ስጦታ ካሰባችሁ አበባና ኬክ ይቅር፣ ጥሬ ገንዘብም ጨርሶ አይሰጥ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በላይ ናት፤ የሲሚንቶ ወለሉ ብርድ ሌሊቱን ሥጋ ዘልቆ አጥንት ይገባል። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ ጀሪካን ይጠቅማሉ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ የሌለው ዘመናዊ ሽንት ቤት ብዙም ሳይቆይ ይቆለፋል፤ አቅም ያለው ክበብ ሮቶ ያስብ። ዕቃው በሞዴል 19፣ ማለትም በመንግሥት የንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ገቢ ይሁንና አንዱ ቅጂ በክበቡ እጅ ይቅር፤ አለዚያ አዛዥ ሲቀየር ብርድ ልብሱ የት እንደገባ የሚያውቅ አይገኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት አባላት ተመልሰው በሩን ይዩ። የመጠየቂያ ሰዓቱ ገና ካልተለጠፈ በጣቢያው ፈቃድ ቆርቆሮና ቀለም ገዝቶ ማስጻፍ ነው፤ ከአንድ ፍራሽ ያነሰ ወጪ ይፈጃል።