ወታደሮቼ ሸበቱ

ሁለት ዓመት ሙሉ ስፈልጋት የኖርኳትን አንዲት የአጥር ቁራጭ ባለፈው ሳምንት አገኘኋት። ፎርት አፓቼ የሚባለው የአሻንጉሊት ወታደሮች ምሽጌ ሞላ! ዙሪያው ሲዘጋ እንደ ልጅ አጨበጨብኩ። የተነሳሁት ይህንን ላወራችሁ ነበር። ግን በዚያው ሰሞን ሌላ ሳጥን ከፍቼ ያየሁት ጉድ ደስታዬ ላይ ውሃ ቸለሰበት። ስለ እሱ ብጽፍ ይሻላል።

አጀማመሬ እንደ ብዙዎቻችሁ ነው። በፕላስቲክ ወታደሮች ጀመርኩ፣ ያገኘሁትን ሁሉ አግበሰበስኩ፣ ቦታ ሲጠበኝ መምረጥ ተማርኩ። ልቤ ያረፈው ሙሉ ስብስብ ላይ ነው። ሉዊስ ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1919 ያቋቋመው የአሜሪካ ኩባንያ በ1950ዎቹ ትንሽ ዓለም በሳጥን ይሸጥ ነበር። ሥዕል የታተመበት የቆርቆሮ ቤት፣ የፕላስቲክ አጥር፣ ፈረስ፣ ወታደር፣ ሁሉም ባንድ ላይ። መጀመሪያ ሰሞን ቁመታቸው 60 ሚሊሜትር የሆኑትን ወታደሮች ከባለ 54ቶቹ ጋር ቀላቅዬ ደረደርኳቸው። ፎቶ ሳነሳቸው ግማሾቹ አባት፣ ግማሾቹ ልጅ መሰሉ። ከዚያ ወዲህ ማስመሪያ ከጠረጴዛዬ ላይ ጠፍቶ አያውቅም።

ስለ ቆርቆሮው ቤት አንድ ነገር ልበል። ግድግዳዎቹ የሚያያዙት በትንንሽ የቆርቆሮ ምላሶች ነው። ምላሷ ቀዳዳው ውስጥ ገብታ ትታጠፋለች። እሷን ማጠፍና ማቃናት ስታበዙ ትደክምና ቀጭ ትላለች። ስለዚህ ቤቱን አንዴ ከገጠማችሁ ተዉት። እኔ ላጽዳ ብዬ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ይኸው አንዱ ጥግ በክር ታስሮ ቆሟል።

የጎበጠ ጠመንጃስ? ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከር፣ በጣት ቀና አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ። ለስላሳው ፕላስቲክ ይታዘዛል። ዕድሜና ፀሐይ ያደረቁት ግን እንደ ብስኩት ነው የሚሰበር። ይህንንም ያወቅሁት ሰብሬ ነው።

ወደ ሳጥኑ ልመለስ።

ከሦስት ዓመት በፊት የእርሳስ ወታደሮች ያዙኝ። እርሳስ ስል ብረቱን ነው እንጂ የምንጽፍበትን አይደለም። የእንግሊዙ ዊልያም ብሪተን እ.ኤ.አ. በ1893 የጀመረው አሠራር በጣም ይገርመኛል። የቀለጠው ብረት ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይፈስሳል። ዳር ዳሩ እንደጠጠረ፣ መሃሉ ገና ፈሳሽ ሳለ ተመልሶ ይደፋል። ከውጭ ስታዩት ሙሉ ሰው ነው፣ ውስጡ ግን ባዶ። ብረት ይቆጥባል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ ዋጋውም ከድፍኖቹ ይረክሳል። ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። ድክመቱም እዚሁ ላይ ነው፤ ግድግዳው ስስ ነው።

ለእነዚህ ክቡራን የሚመጥን ቤት ብዬ የኦክ እንጨት ሳጥን አሠራሁላቸው። ክዳኑ ግጥም የሚል፣ አቧራ እንኳ የማያስገባ። ለሰው ሁሉ አሳይቼ ኮራሁበት። ከዚያ ምሽጉን ስገነባ ረሳኋቸው።

ስከፍተው መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። እንደ አቼቶ የሚጎመዝዝ ሽታ። ቀጥሎ ሽበቱ። ቀይ ኮት የለበሰው ዘበኛ ትከሻው ላይ ነጭ ዱቄት ተነስንሶበታል። ጫማው ጋ ቀለሙ ተነፍቶ ተሰንጥቋል። በሁለት ጣቴ ወገቡን ይዤ ሳነሳው ተንቀሳቃሽ ክንዱ ከነጠመንጃው ሳጥኑ ውስጥ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት፣ በተለይ ኦክ፣ አሴቲክ አሲድ ይተነፍሳል። አቼቶን አቼቶ የሚያደርገው እሱ ነው። ይህ ትነት እርሳሱን ይበላዋል። የተበላው እርሳስ አየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ያ ነጭ ዱቄት ይሆናል። የሚያናድደው ደግሞ በመጨረሻ አሲዱ ነፃ ወጥቶ እንደገና ሥራውን ይጀምራል። እርጥበት ካለ ይብሳል። ያ የኮራሁበት ግጥም የሚል ክዳንም ትነቱን እንደ ድስት አፍኖ ያዘልኝ። ክፍት መደርደሪያ ላይ አቧራ ቢጠጡ ይሻላቸው ነበር።

አሁን ጭቅጭቅ ላንሳ። የታመመውን ወታደር ቫርኒሽ ቀቡትና ይድናል የሚሉ አሉ። አልስማማም። ከሥር የጀመረው ነገር ከሥር ይቀጥላል፤ እናንተ ግን አታዩትም። እንደ አዲስ ቀለም መቀባትንማ ጨርሶ አታንሱብኝ። የተላጠ ኦሪጅናል ቀለም በእኔ ዓይን ከሚያብለጨልጭ አዲስ ቀለም ይበልጣል። ወታደሮቹ የተሸጡበት የድሮው የካርቶን ሳጥንም ቢሆን አሲድ አያጣውም። እኔ ሳጥኑን ለብቻ፣ ወታደሩን ለብቻ ነው የማስቀምጠው። ሳጥኑ ውስጥ ካልሆነ ስብስቡ ጎደለ የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ፤ እስካሁን አልተስማማንም።

ስለ ጥንቃቄ ግን ቀልድ የለም። ዱቄቱ መርዝ ነው። ጓንት አድርጉ፣ በደረቁ አትቦርሹት፣ ጨርቅ ወይም ብሩሽ በንጹህ ውሃ አርጥባችሁ በቀስታ አንሱት፣ ከዚያ ወታደሩን በደንብ አድርቁት። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጣሉት፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ልጆች አይጠጉ። እኔስ መጀመሪያ ምን አደረግሁ? እፍ አልኩበት። አፌን አስጠግቼ፣ እፍ! ይህን ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

ከ22ቱ አምስቱ አልቀዋል። የተረፉት የብረትና የመስታወት መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል፣ ከሥራቸው አሲድ የሌለበት ወረቀት አንጥፌላቸዋለሁ። የኦኩ ሳጥን አሁን የመፍቻና የመዶሻ ማደሪያ ነው።

በየእሁዱ አጉሊ መነጽር ይዤ አንድ በአንድ አያቸዋለሁ። ባለፈው እሁድ አንዱ ፈረስ ሆድ ሥር አንዲት ነጭ ነጥብ አየሁ። አቧራ ትሆናለች ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። እስካሁን ደግሜ ለማየት አልደፈርኩም።