ለኤልጂቢቲ ጤና ጥናት፣ አጋዥና ገንዘብ ያገኘሁበት መንገድ

ጥያቄዬ ጠባብ ነበር፤ ሴት የሚያፈቅሩ ሴቶች ለማህጸን በር ካንሰር ምርመራ ለምን አይመጡም? ነርስ ነኝ። ይህን ምርመራ ስለምሠራ፣ አንዳንዶቹ ሴቶች ከዚህ ቀደም ለምርመራ ሄደው "አንቺ ከወንድ ጋር ስለማትሆኚ አያስፈልግሽም" ተብለው እንደተመለሱ ከራሳቸው አንደበት ሰምቻለሁ። እንዲህ ብለው የመለሷቸው የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ምክሩ ደግሞ ስህተት ነው። የዚህ ካንሰር ዋና መንስኤ የሆነው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ በቆዳ ንክኪ ስለሚተላለፍ ከሴት ወደ ሴትም ይጋባል። ነገሩን በማስረጃ ማሳየትና የሚመጡበትን በር መክፈት ፈለግሁ። ለዚህም የተሠሩ ጥናቶችን፣ የሚያግዙኝን ሰዎችና ገንዘብ መፈለግ ነበረብኝ። ሦስቱም የተገኙት አንዱ ወደሌላው እየመራኝ ነው።

ፍለጋውን የጀመርኩት ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጽሑፎች የመረጃ ቋት ነው። ኤልጂቢቲ (ሌዝቢያን፣ ጌይ፣ ባይሴክሹዋልና ትራንስ ሰዎች) ብሎ ብቻ ለሚፈልግ ሰው የሚወጣለት አብዛኛው ስለ ኤችአይቪና ስለ ወንዶች ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ እንዳልሆነ ያወቅሁት በአሜሪካ የኅብረተሰብ ጤና መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጽሑፍ ሳነብ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አጥኚዎቹ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ በአጭሩ ኤንአይኤች፣ ከ1989 እስከ 2011 ገንዘብ የሰጣቸውን ጥናቶች መረመሩ። ስለ ኤልጂቢቲ ሰዎች ጤና የተሠሩት 628 ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ከጠቅላላው ግማሽ በመቶ ገደማ ማለት ነው። ከነዚህም 79.1 በመቶው በኤችአይቪ ላይ ያተኮሩ ሲሆኑ፣ ሴት የሚያፈቅሩ ሴቶችን ያካተቱት 13.5 በመቶ ነበሩ። አንብቤ ተናደድኩ። ያው ቁጥር ግን በኋላ የፕሮፖዛሌ የመጀመሪያ አንቀጽ ሆነ፤ ክፍተቱ ለምን እንዳለ ከእሱ በተሻለ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም።

ይህን ስል በኤችአይቪ ላይ የተሠራውን ለማቃለል እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ፓርትነር ሁለት የተባለውና በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ጥናት፣ አንደኛው ቫይረሱ ያለበትና በመድኃኒት የተቆጣጠረው፣ ሌላኛው ደግሞ ቫይረሱ የሌለበት የሆኑ 782 የወንድ ጥንዶችን ተከታትሎ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የተላለፈ አንድም ኢንፌክሽን አላገኘም። እንዲህ ያለ ጥናት የሰው ሕይወት ይቀይራል። እኔ የምለው፣ ኤልጂቢቲ የሆነ ሰው ልብም፣ ጡትም፣ አእምሮም እንዳለው ነው።

ጥሩ ጥናት ለማግኘት በሁለት በኩል መፈለግ ግድ ይላል። አንዳንዱ አጥኚ ሰዎችን የሚመዘግበው ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም ነው፤ ሌዝቢያን፣ ባይሴክሹዋል፣ ትራንስ እያለ። ሌላው ደግሞ የሚመዘግበው ከማን ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ነው። ሁለቱን በየተራ አስገብቼ እያንዳንዱን ከ"ማህጸን በር" ጋር ሳጣምር በፊት ያልታዩኝ ጽሑፎች ብቅ አሉ። ከነዚህ አንዱ ዶክተር ጂን ማራዞና ባልደረቦቿ በ1998 ያሳተሙት ነው፤ ከወንድ ጋር ፈጽሞ ግንኙነት አድርገው በማያውቁ ሴቶች ላይም ኤችፒቪ መገኘቱን ያሳያል። ከዚያ በጉግል ስኮላር ላይ ይህን ጽሑፍ የጠቀሱትን ሁሉ እየተከተልኩ ወደ ዛሬ መጣሁ። በክፍያ የተዘጉትን ጽሑፎች ለማግኘት ደግሞ ለጸሐፊዎቹ ኢሜይል መጻፍ ይሠራል፤ ብዙዎቹ ቅጂውን በደስታ ይልካሉ። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ተቋማት ሂናሪ በተባለው ፕሮግራም በኩል የሕክምና መጽሔቶችን በነጻ ወይም በጥቂት ክፍያ ያገኛሉ፤ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያውን መጠየቅ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘልላትን ቦታ ልናገር። በእያንዳንዱ ጥናት መጨረሻ ላይ ገንዘቡን ማን እንደሰጠ የምትገልጽ ትንሽ አንቀጽ አለች። እኔ ጽሑፉን ከማንበቤ በፊት እሷን ማንበብ ጀመርኩ። ለጋሹን፣ ዓመቱንና የተቀባዩን ተቋም በአንድ ሰንጠረዥ ላይ መዘገብኩ። ሰንጠረዡ ሲሞላ ለዚህ ዓይነት ጥያቄ በእርግጥ ገንዘብ አውጥቶ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ታየ። የኤንአይኤች ገንዘብ ከሆነም ሪፖርተር በተባለው የሕዝብ መረጃ ቋታቸው ላይ የፕሮጀክቱ ማጠቃለያና የተሰጠው የገንዘብ መጠን ይገኛል። የተሳካላቸውን ማጠቃለያዎች ማንበብ ከማንኛውም የፕሮፖዛል አጻጻፍ ሥልጠና ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ያገዙኝ ሰዎችም የመጡት ከዚያው ሰንጠረዥ ነው። ለአጥኚዎቹ የጻፍኩት ደብዳቤ አጭር ነበር፤ ማን እንደሆንኩ፣ ከጽሑፋቸው የትኛው ግኝት ከሥራዬ ጋር እንደገጠመ፣ ከዚያም አንድ ጥያቄ። "ይርዱኝ" አላልኩም። "የተጠቀሙበትን መጠይቅ ማየት እችላለሁ?" ነው ያልኩት። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ መስጠት ቀላል ነው። አንዲት ተመራማሪ መጠይቁን ከነማብራሪያው ላከችልኝ፤ ቀጥላም ከሴቶቹ ጋር ሳልቀመጥ አንድ መስመር እንኳ እንዳልጽፍ መከረችኝ። ዛሬም አማካሪዬ ናት።

ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥን። ጥናቶቹ ስለ መገለል ብዙ ይላሉ። ተመራማሪው ኢላን ማየር በ2003 ያቀረበው፣ አናሳ መሆን ራሱ የሚያስከትለው የማያቋርጥ ጫና ጤናን ይጎዳል የሚለው ሐሳብም በአብዛኞቹ ውስጥ አለ። ሴቶቹ ግን የመገለልን መልክ በእጃቸው ይዘው አሳዩኝ፤ የምርመራ ክፍሉን ቅጽ። "እስኪ እዪው እህቴ" አለችኝ አንዷ። "መጀመሪያ ባለትዳር ነሽ ወይ ይላል። ቀጥሎ የወሊድ መከላከያ ትጠቀሚያለሽ ይላል። አልጠቀምም ስል ነርሷ ቀና ብላ ለምን ትለኛለች። ከዚያ ወይ እዋሻለሁ ወይ ተነሥቼ እሄዳለሁ።" ቅጹን ለስንት ሴት እንደሞላሁት አውቃለሁ፤ በእሷ ዓይን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ሌላዋ ደግሞ የሚያስፈራት የምርመራው መሣሪያ እንደሆነ ነገረችን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ለኤችፒቪ ምርመራ ናሙናውን ሴቲቱ ራሷ መውሰድ እንደምትችል ሳስረዳቸው ክፍሉ በጥያቄ ተሞላ። ፕሮጀክቱ በዚያው ቅርጹን ያዘ፤ አዲስ ቅጽና በራስ የሚወሰድ ናሙና።

ሴቶቹ ለመጡበት ሰዓት መክፈል አለብን። ይህን በበጀቱ ውስጥ አስገብቼ ተከራክሬበታለሁ። አጥኚው ደመወዝ እየተከፈለው፣ እውቀቱን የሰጠችው ሴት በሻይ ብቻ መሸኘቷ ትክክል አይደለም።

ከገንዘቡ በፊት ግን ምስጢር ይቀድማል። የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በሕግ በሚያስቀጣባቸው አገሮች የስም ዝርዝር ራሱ ሰው ሊያሳስር ይችላል፤ በማያስቀጣባቸውም ሥራና ቤተሰብ ያሳጣል። ስለዚህ ከሥነ ምግባር ኮሚቴው የጠየቅሁት በፊርማ ፈንታ የቃል ስምምነት እንዲፈቀድልኝ ነው፤ የፈረመችበት ወረቀት ከሌለ ማንነቷን የሚያሳብቅ ሰነድ አይኖርም። ስም አልመዘገብንም። ቃለ መጠይቁ ተቀድቶ ወደ ጽሑፍ እንደተገለበጠ ድምፁ ይጠፋል። በሪፖርቱም ላይ ጥቂት ሰዎች ብቻ ያሉበትን ቡድን ለብቻው አናወጣም፤ ዕድሜና ሙያ ከተገናኙ ሰውየው ይታወቃልና። ለጋሹ የተሳታፊዎች ዝርዝር ይላክልኝ ቢልስ? ያንን ገንዘብ መተው ነው። በዚህ ላይ የሚደራደር ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻላል።

ገንዘብ ፍለጋው ላይ የነበረኝ ምርጫ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የመንግሥት የምርምር ገንዘብ ነው። ኤንአይኤች በ2015 ለዚህ ዘርፍ ምርምር ራሱን የቻለ ቢሮ ከፍቶ ነበር፤ በ2016 ደግሞ እነዚህን ሰዎች በጤና ልዩነት ከሚጎዱ የኅብረተሰብ ክፍሎች መካከል መደባቸው። በ2025 ግን በርካታ የኤልጂቢቲ ጤና ድጎማዎች በመካከል ተቋረጡ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ሲታገድ ፔፕፋር የተባለው የአሜሪካ የኤችአይቪ ፕሮግራም የሚደግፋቸው ክሊኒኮችም ተናጉ። በአንድ ለጋሽ ላይ ብቻ የቆመ አገልግሎት ምን እንደሚገጥመው ያኔ በዓይናችን አየን።

ሁለተኛው ለዚህ ማኅበረሰብ ታስበው የቆሙ ፈንዶች ናቸው። ከ1992 ጀምሮ ያለው የሌዝቢያን ጤና ፈንድ አነስተኛ የምርምር ድጎማ ይሰጣል። አስትሪያ ከ1977፣ የሴቶች ፈንድ የሆነው ማማ ካሽም ከ1983 ጀምሮ ለመብት ቡድኖች ይሰጣሉ። በምሥራቅ አፍሪካ ኡሃይ የተባለ ፈንድ አለ፤ ድጎማው ለማን ይሰጥ በሚለው ላይ የማኅበረሰቡ አባላት ራሳቸው ይወስናሉ። ቡድኑ በሕግ ያልተመዘገበ ከሆነ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ የሚያስተላልፍለት የተመዘገበ ድርጅት መፈለግ አለበት፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን።

ሦስተኛው ብዙዎቻችን የማናንኳኳው በር ነው፤ የበሽታው በር። እኔ ያገኘሁት እዚያ ነው፣ ከአንድ አነስተኛ የካንሰር ፈንድ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ስትራቴጂ እስከ 2030 ድረስ 70 በመቶ ሴቶች 35 ዓመት ሳይሞላቸው፣ ዳግምም 45 ዓመት ሳይሞላቸው እንዲመረመሩ ግብ ተቀምጧል። ፕሮፖዛሌ ይህን ይዞ፣ ከምርመራው የቀሩትን ሴቶች እኔ እንዴት እንደማገኛቸው በዝርዝር አሳየ። ማንነታቸውን አልደበቅሁም፣ ሴት የሚያፈቅሩ ሴቶች ብዬ በግልጽ ጻፍኩ። ከመጻፌ በፊት የፈንዱን ኃላፊ ደውዬ ጉዳዩን ይቀበሉት እንደሆነ ጠየቅሁ። አይሆንም የሚሉ ከሆነ በስልክ መስማቱ የወራት ድካም ያድናል። ቀደም ሲል ከሌላ ፈንድ የተመለሰብኝን ማመልከቻም ከገምጋሚዎቹ አስተያየት ጋር አስቀምጬው ስለነበር ለዚህኛው እጅግ ጠቀመኝ።

በበጀቱ ላይ ሰው የሚረሳቸውን ጨምሬ ነበር፤ ከቃለ መጠይቁ በኋላ ለሚረበሹ ተሳታፊዎች የምክር አገልግሎት፣ በይለፍ ቃል የተቆለፈ የመረጃ ማስቀመጫ፣ ውጤቱን ለሴቶቹ በሚገባቸው ቋንቋ ማድረሻ። ለጋሹ አንዳቸውንም አልቀነሰም።

አሁን ቅጹ ተቀይሯል። የትዳር ጥያቄው ወጥቶ "በዚህ ምርመራ ላይ እንድናውቅልሽ የምትፈልጊው ነገር አለ?" የሚል ገብቷል፤ ባዶውን መተውም ይቻላል። የናሙናው ሥራ ቀጥሏል። ቀጣዩን ፕሮፖዛል የምጽፈው ማህጸን ስላላቸው ትራንስ ወንዶች፣ ማለትም ሲወለዱ ሴት ተብለው ተመዝግበው ራሳቸውን ወንድ ስለሚሉ ሰዎች ነው፤ በመዝገብ ላይ ወንድ ተብለው ሲሰፍሩ፣ የምርመራ ጥሪ የሚላከው ለሴቶች ብቻ በሆነበት ሥርዓት ጥሪው አይደርሳቸውም። በዚህ ላይ የሠራ ወይም መጠይቅ ያለው ቢኖር ይጻፍልኝ፤ ሰንጠረዤንም በደስታ አካፍላለሁ።