የሌሊት ወፍን ጆሮ አሥር እጥፍ አሳድጌ በቀርከሃ የሠራሁበት ሙከራ

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማትርቅ አነስተኛ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አምና የአንድ መማሪያ ክፍል ኮርኒስ ሲጠገን የሞተች የሌሊት ወፍ ወደቀች። ጓንት አጥልቄ (የእብድ ውሻ በሽታ ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ በባዶ እጅ መንካት አይገባም) ጆሮዋን በመስኮቱ ብርሃን ፊት ዘርግቼ አየሁት። ርዝመቱ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ቆዳው ብርሃን ያሳልፋል፤ በውስጥ በኩል ስስ ሽብሽቦች አግድም ተሰልፈዋል፤ የታችኛው ጠርዝ ወደ ውስጥ ተቀልብሷል። ከቀዳዳው ፊት ደግሞ አንዲት ሹል የቆዳ ቅጠል ቀጥ ብላ ቆማለች። በሳይንሱ ትራገስ ትባላለች፤ በእኛም ጆሮ ላይ አለች፤ ጩኸት ሲበዛብን ጆሯችንን ለመድፈን በጣታችን የምንጫናት ጉብታ ናት። በዚያች ፍጡር ላይ ግን የጆሮውን ግማሽ ያህል ቁመት ይዛ ነበር።

የሌሊት ወፍ በጨለማ የምታድነው ድምፅ አሰምታ እንደ እሳት ራት ካሉ ነፍሳት ላይ ነጥሮ የሚመለሰውን የገደል ማሚቶ በማዳመጥ ነው። ማሚቶው ከግራ ወይም ከቀኝ መምጣቱን መለየት ብዙ አያስቸግርም፤ ድምፁ ለአንደኛው ጆሮ ቀድሞና በርትቶ ይደርሳልና። ነገር ግን የእሳት ራቷ ከፊት ለፊት ከፍ ብላ ወይም ዝቅ ብላ ስትበር የገደል ማሚቶው ለሁለቱም ጆሮዎች እኩል ስለሚደርስ፣ ከፍታዋን የሚናገረው የጆሮው ቅርጽ ራሱ ነው። ከድምፁ ከፊሉ በቀጥታ ወደ ቀዳዳው ይገባል፤ ከፊሉ ከትራገሱና ከእጥፋቶቹ ላይ ነጥሮ ጥቂት ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሁለቱ ሲገናኙም አንዱን ድግግሞሽ (በሰከንድ የሚመላለሰውን የሞገድ ብዛት፣ በሄርዝ የሚለካውን) ያዳክሙታል። የሚዳከመው የትኛው እንደሆነ የሚወሰነው ድምፁ በመጣበት ከፍታ ነው። ሎውረንስ እና ሲመንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1982 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ በአሜሪካ የሚኖረው ትልቁ ቡናማ የሌሊት ወፍ በከፍታ የ3 ዲግሪ ልዩነት ይለያል፤ ትራገሱ ከቦታው እንዲጎብጥ ሲደረግ ግን ይህ ችሎታው ይታወካል።

ይህን ለተማሪዎቼ በጆሯቸው ላሰማቸው ፈለግሁ፤ የሌሊት ወፍ ድምፅ ግን በአብዛኛው ከሰው የመስማት ወሰን፣ ከ20,000 ሄርዝ፣ በላይ ነው። መውጫው በሒሳብ ተገኘ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የ50,000 ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ 6.8 ሚሊ ሜትር፣ የ5,000 ሄርዝ ሞገድ ደግሞ 68 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ጆሮውን አሥር እጥፍ አሳድጎ ድግግሞሹን በአሥር ማካፈል ያንኑ ክስተት ወደ እኛ የመስሚያ ክልል ያመጣዋል።

ቀርከሃውን ከእንጅባራ በኩል አስመጣሁ። ሰሌን የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ስንጥሮቹን እንዲያጎብጡልኝ ሥዕሉን አሳየኋቸው። «መምህር፣ ይህ ጠርዝ የተቀለበሰው ሆን ተብሎ ነው ወይስ ሥዕሉ ተበላሽቶ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ይተውት አባቴ፣ ለስላሳ ቀንድ አድርገው ይሥሩልኝ» አልኳቸው፤ ትልቁ ስሕተቴም ይህ ነበር። በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ደራርቤ ለጠፍኩበት፤ ከሥሩ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ላይ ያለችውን ትንሽ ማይክሮፎን አስገባሁ። ጆሮውን ወደ ላይም ወደ ታችም ባዘነብለው የሚመዘገበው ድምፅ አንድ ዓይነት ሆነ፤ ለስላሳ ቀንድ ድምፅ ይሰበስባል እንጂ ላይና ታችን አይለይም።

ሁለተኛውን ጆሮ ሽማግሌው ጠርዙን እንደ ሥዕሉ ቀልብሰው ሠሩት፤ ትራገሱን እኔ ከካርቶን ቆርጬ በንብ ሰም አቆምኩት። ያም ሆኖ ሁለት ሳምንት ሙሉ የማይረባ ውጤት ስመዘግብ ቆየሁ፤ ምክንያቱ ሁለት ነበር። በመጀመሪያ፣ በክፍል ውስጥ ስለምለካ ከግድግዳውና ከቆርቆሮው የሚመለሰው ድምፅ የጆሮውን ሥራ ይውጠዋል። ከዚያ የባሰው በማይክሮፎኑ ድምፁን የምቀዳበት ስልክ ነበር፤ የደከመ ድምፅ ሲደርሰው በራሱ ያጎላዋል፣ የበረታውን ያሳንሰዋል። እኔ ድግግሞሾቹን አንድ በአንድ እያሰማሁ ጥንካሬያቸውን ሳነጻጽር፣ ስልኩ ልዩነቱን ከሥር ከሥር ያጠፋው ነበር። ይህን የተረዳሁት ጆሮውን ከነአካቴው አንሥቼ ብቻውን ማይክሮፎኑን ስለካና ድምፅ ማጉያው ሲርቅም ሲቀርብም ቁጥሩ አልነቃነቅ ሲል ነው። ያለ ጆሮው መለካት የመጀመሪያ ቀን ሥራ መሆን ነበረበት።

ከዚያ በኋላ ጎህ ሲቀድ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ወደ ኳስ ሜዳ ወጣን። ጆሮውንም ድምፅ ማጉያውንም ከመሬት ለማራቅ በረጃጅም የባሕር ዛፍ እንጨቶች ላይ ሰቀልናቸው፤ ዝንባሌውን በፕሮትራክተርና ድንጋይ በታሰረበት ክር ለካን። ድምፁንም ለወጥኩ፤ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ የሚንሾሸውንና ሁሉንም ድግግሞሽ በአንድ ጊዜ የያዘውን ድምፅ መረጥኩ። በአንድ ቅጂ ውስጥ ያሉ ድግግሞሾች አብረው ስለሚጎሉና አብረው ስለሚያንሱ የስልኩ ጣልቃ ገብነት አያዛባቸውም።

በስልኩ ገጽ ላይ የየድግግሞሹን ጥንካሬ በሚያሳየው መስመር ውስጥ አንድ ጎድጓዳ ታየ። ድምፁ ከፊት ለፊት ሲመጣ በ5,000 ሄርዝ አካባቢ ነበር፤ ከታች እንዲመጣ ጆሮውን ወደ ላይ ባዘነበልን ቁጥር ጎድጓዳው ወደ 4,000 ወረደ። ሰሙን አሙቄ ትራገሱን ስነቅለው ጎድጓዳው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ መልሼ ስተክለው ተመለሰ። በ5,000 ሄርዝ ሁለት ሞገዶች የሚጠፋፉት አንዱ በግማሽ ሞገድ፣ ማለትም በ34 ሚሊ ሜትር፣ ሲዘገይ ነው፤ ይህ በእውነተኛዋ የሌሊት ወፍ ጆሮ 3.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ዓይኗን ጨፍና ቅጂዎቹን በጆሮ ማዳመጫ ስታዳምጥ፣ ከታች የመጣውን «የደፈረሰው» እያለች ትለየው ጀመር።

አሁን የምሠራው ትራገስ የሌለውን የፈረስ ኮቴ አፍንጫ የሌሊት ወፍ ጆሮ ነው። ይህ ዝርያ ሁለቱን ጆሮዎቹን እያፈራረቀ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዛል፤ እንዳይንቀሳቀሱ ሲደረግ ከላይና ከታች ያለበትን መሰናክል ማለፍ ይቸግረዋል። ስለዚህ ቀርከሃው ላይ ማጠፊያና የሚስብ ገመድ እየገጠምኩለት ነው፤ ሽማግሌውም በዚህኛው የጠርዙን ቅልባሽ ሳይጠይቁ ሠርተውታል።