ድሬ ፋብሪካ ስትጠራ ጉድጓዱን ማን ይለካል?

ድሬዳዋ ወንዝ የላትም የሚል እንግዳ ብዙ ነው። አላት፤ ውሃው ግን ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይተኛል፣ ሰው ያቋርጠዋል፣ ፍየል ይነዳበታል። ከከተማዋ በላይ ባለው በደንገጎ ተራራ ላይ ሲዘንብ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከ250 በላይ ሰው ይዞ የሄደው ይኸው ወንዝ ነው። ከተማዋን የሚያጠጣትም እሱና መሰሎቹ ናቸው፤ ጎርፉ አሸዋው ውስጥ እየሰረገ ወርዶ የከርሰ ምድሩን ውሃ ይሞላል። ቧንቧ ስንከፍት የሚመጣው ከጉድጓድ ነው፤ ሌላ ምንጭ የለንም።

ስለዚህ ልማትና አካባቢ ጥበቃ ይመጣጠኑ ሲባል ሌላ ቦታ ረቂቅ ወሬ ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ግን የደብተር ሂሳብ ነው፦ በዓመት ስንት ሜትር ኩብ ገባ፣ ስንት ወጣ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ ከተማዋን ከወለዳት ወዲህ ድሬ የምትኖረው በንግድና በፋብሪካ ነው። አሁን መልካ ጀብዱ በኩል ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና እዚሁ ሥራ ጀምሯል፣ የኤሌክትሪኩ ባቡር ወደ ጅቡቲ ይወስዳል። ሥራ ፈላጊው ወጣት እንደ አሸዋው ነው፤ ፋብሪካ አይምጣ የሚል የዚህ ከተማ ሰው ጤናውን ማስመርመር አለበት። ቅሬታዬ ወዲህ ነው፦ ለባለሀብቱ ሄክታሩና ሜጋዋቱ በቁጥር ይነገረዋል፣ ውሃው ግን «ይኖራል» ተብሎ ይታለፋል።

እስቲ ሂሳቡን በጥቅሉ እንሥራው። የድሬዳዋ የዓመት ዝናብ በአማካይ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው በሙቀቱ ይተናል፣ ከፊሉም በጎርፍ ወደ ቆላው ይሄዳል። 5 በመቶው ወደ ታች ሰረገ እንበል፤ ይህ ግምት ነው፣ ትክክለኛው ከቦታ ቦታ ይለያያል። 5 በመቶ ማለት 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ1 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት በዓመት 30,000 ሜትር ኩብ፣ በቀን 82 ሜትር ኩብ ብቻ። አሁን በቀን 10 ቶን ጨርቅ የሚያቀልም ፋብሪካ አምጡ። ማቅለምና ማጠብ ለ1 ኪሎ ጨርቅ 100 ሊትር ቢፈጅ (ከዚህ የሚበልጥም የሚያንስም አለ) በቀን 1,000 ሜትር ኩብ ይጠጣል። በግምታችን መሠረት የ12 ካሬ ኪሎ ሜትር ዝናብ ለአንድ ፋብሪካ ሄደ ማለት ነው። በነፍስ ወከፍ 50 ሊትር ብናስብ ደግሞ የ20,000 ሰው የቀን ውሃ ነው።

ያንኑ ጨርቅ ተቀልሞ ከመጣ በኋላ ቆርጦ የሚሰፋ ፋብሪካ ግን ከሠራተኛው መጠጥ፣ ከመጸዳጃና ከካውያው እንፋሎት ሌላ ውሃ የሚፈልግበት ነገር የለም፤ የሚቀጥረው ሰው ደግሞ ከማቅለሚያው ይበልጣል። መጋዘን፣ መገጣጠሚያ፣ ማሸጊያ እንዲሁ። ለድሬ የሚስማማው ፖሊሲ «ፋብሪካ ይምጣ ወይስ አይምጣ» ሳይሆን «በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ስንት ሰው ይቀጠራል» የሚል መሆን አለበት ባይ ነኝ። ማቅለሚያ የግድ ከመጣም እንደ ሐዋሳው ፓርክ ፍሳሹን መልሶ የሚጠቀምበት ማጣሪያ ይዞ ይምጣ። ያ ማጣሪያ መብራት ይበላል፤ መጨረሻ ላይም ጨው ይተርፋል። ጨዉ በላስቲክ በተነጠፈ ገንዳ ደርቆ፣ ተመዝኖ፣ ተመዝግቦ ካልተቀመጠ ከሁለት ክረምት በኋላ ጉድጓድ ውስጥ እናገኘዋለን።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው ሁሉ ቅድሚያ እንዳለው ደንግጓል፤ በእጅ ከሚቆፈር ጉድጓድና ከመሳሰሉት በቀር ውሃ ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የብክለት ቁጥጥሩ አዋጅ 300/1995 ከወጡ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ችግሩ ሰነዱ ተጠርዞ፣ ማህተም አርፎበት፣ መደርደሪያ ላይ ከወጣ በኋላ የሚያነበው አለመኖሩ ነው። የተፅዕኖ ግምገማ ሰነድ ሲቀርብላችሁ በመጀመሪያ የፓምፕ ሙከራውን (ጉድጓዱ ስንት ውሃ እንደሚሰጥ እየተሳበ የሚፈተንበትን) ገጽ ግለጡ። ፓምፑ 72 ሰዓት ሳይቋረጥ ሠርቷል? ከቆመ በኋላ ውሃው ወደ ቦታው ሲመለስ ተለክቷል? የጎረቤት ጉድጓዶችስ በዚያው ሰዓት ታይተዋል? 24 ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ ወይም ሙከራው ጉድጓዱ በሞላበት በመስከረም ከተሠራ፣ ቁጥሩ ያሞኛል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ተስቦ የወጣው ውሃ እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ ሲለቀቅ ነው፤ ሰርጎ ይመለስና ያንኑ ውሃ ዙሪያውን እያዞሩ «አያልቅም» ይሉታል።

ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ ሥራው ቆጣሪ ነው። እዚህ ላይ የድሬ ውሃ የራሱ ጠባይ አለው። ማንቆርቆሪያ የሚያፈላ ሁሉ ያውቀዋል፤ ውስጡን ነጭ ቅርፊት ይለብሳል፣ ሲፋቅ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰበራል። ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚያልፍ ካልሲየም የተሞላ ነው። ይኸው ቅርፊት ፕሮፔለር ያለው ሜካኒካል ቆጣሪ ውስጥም ይጋገራል፤ ፕሮፔለሩ ይከብዳል፣ እየዘገየ ይዞራል፣ ቆጣሪው ከወጣው ውሃ በታች ይቆጥራል። ማንም ሳይሰርቅ ውሃ ተሰረቀ ማለት ነው። ለትልልቅ ጉድጓዶች የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው የኤሌክትሮማግኔቲክ ወይም የአልትራሳውንድ ቆጣሪ ውድ ቢሆንም ዋጋውን ያወጣል። ሜካኒካሉ ከተገጠመ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ ተፈትቶ በቀላል አሲድ ይታጠብ፣ ከዚያም በታወቀ መጠን ታንከር ይፈተሽ።

አገጣጠሙም ሌላ ጣጣ ነው። ከክርን አጠገብ የተገጠመ ቆጣሪ ውሃው እየተጠማዘዘ ስለሚገባበት ይዋሻል። ከፊቱ የቧንቧውን ስፋት 10 እጥፍ፣ ከኋላው 5 እጥፍ ቀጥ ያለ ቧንቧ ይፈልጋል፤ ለ6 ኢንች ቧንቧ 1.5 ሜትርና 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። የጉድጓድ ቤቱ ጠባብ ሆኖ ክርኑ እዚያው ከታጠፈ፣ ቆጣሪው ምንም ያህል ውድ ቢሆን ጌጥ ነው።

ቆጣሪ የወጣውን ይነግረናል፣ የቀረውን ግን አይነግርም። ለዚያ ፓምፕ የሌለው የመመልከቻ ጉድጓድና ጫፉ ውሃ ሲነካ የሚጮህ የሜትር ገመድ ይበቃል። በዓመት ሦስት ጊዜ ቢሆን እንኳ ብዙ ነው፦ የካቲት መጨረሻ፣ ሰኔ መጨረሻ፣ መስከረም መጨረሻ፣ ሁሌም በተመሳሳይ ሰዓትና ከተመሳሳይ ምልክት ላይ። የሚበላሸው የጎረቤት ፓምፕ እየሠራ ሲለካ ነው፤ ፓምፑ ሲስብ በዙሪያው ያለው ውሃ ለጊዜው ዝቅ ስለሚል ያለ ምክንያት ያስደነግጣል። የአንድ ዓመት መውረድ ድርቅ ሊሆን ይችላል። የመስከረሙ የውሃ ከፍታ አራትና አምስት ዓመት ተከታትሎ ከወረደ ግን ከሚገባው በላይ እያወጣን ነው፤ ያኔ አዲስ ፈቃድ መቆም አለበት። ይህ ገደብ ከወዲሁ በመመሪያ ይጻፍ። ባለሀብቱ በር ላይ ቆሞ እያለ የሚወሰን ገደብ ሁልጊዜ ይላላል።

የውሃ ጥራቱን ባጭሩ ላንሳ። የከተማዋ ጉድጓዶች አንዳንዶቹ ሰፈር መሃል ናቸው፣ ሳቢያን ጥሩ ምሳሌ ነው። ዙሪያውን መጸዳጃ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ስንጥቅ ባለው የኖራ ድንጋይ ደግሞ ቆሻሻ ሳይጣራ ይጓዛል። ምልክቱ ናይትሬት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ ካለፈ በተለይ ዱቄት ወተት ለሚበጠበጥላቸው ከ6 ወር በታች ሕፃናት አደገኛ ነው። እናቶች ማወቅ ያለባቸው ነገር ቢኖር ማፍላት ናይትሬትን አያጠፋውም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም ያወፍረዋል። ናሙና ሲወሰድ በንጹሕ ጠርሙስ፣ በበረዶ ሳጥን፣ በሁለት ቀን ውስጥ ላቦራቶሪ ይግባ፤ በድሬ ፀሐይ ባጃጅ ላይ ሲዞር የዋለ ናሙና ውጤቱ አይታመንም።

«ነፃ» ውሃ መጨረሻው ምን እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዳገቱን ወጥቶ ሐረማያ መድረስ ነው። ሐይቁ ሐረርን ያጠጣ ነበር። ዙሪያውን ለጫትና ለአትክልት ፓምፕ ተደረደረ፣ ከተራራው የታጠበው አፈር ከታች ሞላው፣ የከተሞቹ ፍጆታም ተጨመረና በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውሃው መመለሱ ደስ ይላል፤ ፓምፖቹ ግን አሁንም እዚያው ናቸው። ሐረር እስከዚያው ፊቷን ወደ ድሬዳዋ ቆላ አዙራ ከዚህ ጉድጓድ በቧንቧ መሳብ ጀመረች። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 700 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት በፊዚክስ ብቻ 1.9 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል፣ የፓምፑና የሞተሩ ብክነት ሲታከል ወደ 3 ይጠጋል፤ ቧንቧው የሚያልፈው ኮረብታ ደግሞ ከሐረርም ከፍ ይላል። መብራት ሲጠፋ የጀጎል ጀሪካን ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ያ ሁሉ ወጪ ሐይቁን ለጠበቀው ገበሬ ቀድሞ ቢከፈል ኖሮ ስንት እርከን ይሠራ ነበር?

ወደ አሸዋው ልመለስ፤ ብዙ ሰው የግንባታ ጉዳይ እንጂ የውሃ ጉዳይ አይመስለውም። ከተማ ሲያድግ አሸዋ ይበላል። አንድ ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ ይጭናል። የወንዝ አሸዋ ሲሞላ ከይዘቱ ሩብ ያህሉን ሊለቅቀው የሚችል ውሃ ይይዛል ብንል፣ በአንድ ሲኖ 4 ሜትር ኩብ የውሃ ማደሪያ፣ ማለትም የ200 ጀሪካን ቦታ አብሮ ተጭኖ ይሄዳል። ጎርፉ በየዓመቱ አዲስ አሸዋ ያመጣል፣ እውነት ነው። ጥያቄው ያመጣው ይበልጣል ወይስ የተጫነው ነው። ከተጫነው ካነሰ ወለሉ ዝቅ ይላል፣ ድንጋዩ ይገለጣል፣ ጎርፉም ሳይሰርግ ሽው ብሎ ያልፋል። ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ በደቻቱ ዳርና ዳር የተሠራው መከላከያ ግንብም መሠረቱ ይራቆታል። ግንብ ሥር አሸዋ መዛቅ ቤትን ከምሰሶው መፍለጥ ነው።

ስለዚህ ፈቃዱ በወር ወይም በዓመት ሳይሆን በሜትር ኩብ ይሰጥ። ዘዴው ቀላል ነው፦ በየ200 ሜትሩ በወንዙ ግራና ቀኝ ቋሚ የሲሚንቶ ምልክት ይተከል፣ ከምልክት ወደ ምልክት በሌቭልና በስታድያ (በከፍታ መለኪያ መነጽርና ቁጥር ባለው ዘንግ) ወለሉ ይለካ፣ አንዴ በሰኔ፣ አንዴ በመስከረም። ልዩነቱ ክረምቱ ያመጣው አሸዋ ነው፤ ከዚያ ላይ ቢበዛ ግማሹ ይፈቀድ። ከድልድይና ከግንብ አጠገብ፣ እንዲሁም ከጉድጓድ በላይ ባለው የወንዙ ክፍል ጭራሽ አይነካ።

ግንበኛው ታዲያ በምን ይሥራ? ድንጋይ ሞልቶናል፣ ድንጋይ ተፈጭቶ የሚሠራው የክሬሸር አሸዋ አለ። እሱም ነውር አያጣውም። ዱቄቱ ይበዛል፣ ዱቄት ሲበዛ ሊጡ ውሃና ሲሚንቶ ይበላል፣ ኮንክሪቱም ይሰነጠቃል። ሳይት ላይ መፈተኛው የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፦ ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ ከዚያ ቁንጥር ጨው የገባበት ውሃ፣ በደንብ ነቅንቆ ለ3 ሰዓት ማስቀመጥ። ከላይ የሚተኛው ጭቃ ከአሸዋው ቁመት 6 በመቶ ካለፈ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ። ማጠቢያ ውሃው ደግሞ እንዳይባክን በሁለት ገንዳ ተጣርቶ ይዙር፤ አለዚያ አሸዋውን አድነን ጉድጓዱን አጠፋነው። የመንግሥት ግንባታ ጨረታ የክሬሸር አሸዋ ድርሻን ግዴታ ቢያደርግ ገበያው በሁለት ዓመት ይለመዳል፤ የግል ሠሪውን ከዚያ በፊት መቅጣት ግን ትርጉም የለውም።

አንድ ነገር ይቀራል፣ እሱም ድንበር ነው። ዝናቡ የሚወርደው ምሥራቅ ሐረርጌ ተራራ ላይ ኦሮሚያ ውስጥ፣ ጎርፉ የሚደርሰው ድሬዳዋ አስተዳደር፣ ከውሃው የሚጠጣው ሐረሪ ክልል ጭምር። ሦስት አስተዳደር፣ ሦስት በጀት። የላይኛው ገበሬ እርከን ሲሠራ ከማሳው መሬት ይቀነስበታል፣ የሚጠቀመው ግን ቆላ ያለው ነው፤ በነፃ ሥራ ማለት የትም አያደርስም። ከሁለቱ ከተሞች የውሃ ቢል ላይ በሜትር ኩብ ትንሽ ሳንቲም ተለይቶ፣ የራሳቸው ጉድጓድ ካላቸው ፋብሪካዎች ደግሞ በርከት ብሎ፣ በጋራ ሂሳብ ይቀመጥ። የሚከፈለውም ለተሠራ እርከን ሳይሆን ከሁለት ክረምት በኋላ ቆሞ ለተገኘ እርከን ይሁን። ማፍሰሻ ያልተሠራለት እርከን አንድ ድንጋይ ሲለቅ የላዩ ውሃ በታችኛው ላይ ይከመራል፣ በአንድ ሌሊት ቦረቦር ይወጣል፣ ያ አፈርም እስከ ደቻቱ ድልድይ ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው ማፍሰሻው ነው፣ እርከኑ ከላይ ወደ ታች ይከተላል፣ ከሰኔ በፊትም ይጠናቀቃል።