ሐምሌ ላይ የተጣበቀው ባቡር

ባሕር ዳር ባቡር የላትም። ሽምብጥ አካባቢ ባለችው ወርክሾፓችን ግን ባቡር ሠርተናል፤ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ።

የዘወትር ሥራችን ለጎብኚ የሚሸጥ ትንንሽ የደንገል ታንኳና የእንጨት ዕቃ ነው። አምና አንድ ድሬዳዋ ያደጉ ትልቅ ሰው መጡ። አባታቸው ምድር ባቡር ይሠሩ ነበር። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ መድረሱን እንደ ዳዊት ነው የሚያነበንቡት። የእንፋሎቱን ሎኮሞቲቭ ሞዴል ለስድስት ልጆቻቸው ፈለጉ። በሞተር የሚሄድ!

የዚያ መስመር ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። 45 ጊዜ ስናሳንሰው ወደ 22 ሚሊሜትር ወረደ። አካሉ አላስቸገረንም። ያስቸገረን ሻንሲው ነው። ሦስት አክስል አለው፣ ሦስቱን መንኮራኩር በጎን በኩል አንድ ማያያዣ ዘንግ ያገናኛቸዋል። በአክስሎቹ መሀል ያለው ርቀትና በዘንጉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ርቀት ካልገጠሙ መንኮራኩሩ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ይላል።

ስለዚህ ከዋንዛ ቁራጭ ጂግ፣ ማለትም ክፍሎቹን እስኪጣበቁ በልካቸው የሚይዝ መደገፊያ፣ ሠራሁ። ሦስት ቀጫጭን የብረት ካስማ ቆሞበታል። ኩሽኔታዎቹ ካስማዎቹ ላይ ይገባሉ፣ የናሱ ላሜራ ይደረባል፣ ከዚያ በካውያ ይጣበቃል። እንጨት ለዚህ ሥራ ደግ ነው፤ የቀለጠው እርሳስ አይይዘውም፣ ሙቀቱንም እንደ ብረት አይመጥጥብህም። ትንሽ ጠቆር ይላል፣ ቤቱም የተቃጠለ ዋንዛ ይሸታል፣ በቃ።

ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሦስቱን ጨረስን። እንደ ቅቤ ሄዱ።

ሐምሌ ላይ የተሠሩት ሦስቱ ግን እንቢ አሉ። በእጅ ስትገፋቸው ግማሽ ዙር ይሄዱና ጭርት! አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ነበር ያጣበቃቸው። እኔም ሳላጣራ ተነሳሁበት። «ስልክህን አስቀምጥና እጅህን እይ» አልኩት። ዝም አለኝ። ሞተሩን ቀየርን፣ መንኮራኩሮቹን ነቅለን መለስን፣ ዘንጉን ሞረድን። ሁለት ቀን ሙሉ።

በሦስተኛው ቀን ዶፍ እየወረደ ልጁ ካሊፐር ይዞ መጣ። የለካው ባቡሩን ሳይሆን ጂጉን ነው።

«ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ካስማ እስከ መጨረሻው ስንት ነበር ያሉኝ?»

«64 ሚሊሜትር።»

«64.5 ሆኗል።»

አላመንኩም። ራሴ ለካሁ። 64.5። ማያያዣ ዘንጎቹ ሁሉ ደግሞ ገና በበጋ በ64 ተበስተው አልቀዋል።

እዚህ ላይ ነው ያፈርኩት። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ የሚያብጠው ጅማቱን አቋርጦ በወርዱ ነው፤ በጅማቱ ርዝመት አቅጣጫ የሚጨምረው ኢምንት ነው። ይህን ማንም አናጢ ያውቀዋል፤ ክረምት ላይ አልዘጋ የሚል በር ያልነካ አናጢ የለም። እኔ ግን ከመሳቢያ የተረፈች ቁራጭ ስለተመቸችኝ ካስማዎቹን በወርዷ ደርድሬያቸዋለሁ። ወርክሾፓችን ከጣና ብዙ አይርቅም፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ መስኮቱ አይዘጋም። ግማሽ ሚሊሜትር ለበር ምንም አይደለም፤ ለእንዲህ ያለ ባቡር ግን ገደል ነው።

ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። «ምንም አይደል ጋሼ» አለ፤ ፊቱ ግን ምንም አይደል አይልም ነበር።

አዲሱን ጂግ ከደረቀ ወይራ ሠራነው፤ ካስማዎቹ በጅማቱ አቅጣጫ። አንድ ነገርም ጨመርን፦ ማያያዣ ዘንጎቹንም ከዚያው ጂግ ላይ ልክ ወስደን መብሳት ጀመርን። ጂጉ ቢዋሽ እንኳ ለሁለቱም እኩል ይዋሽ ብለን። የተጣበቁትን ሦስቱን እንደገና አሙቀን ፈታናቸው፤ ለደንበኛውም ለመስቀል አደረስንላቸው።

አሮጌውን ጂግ ልጥለው ስል ልጁ ነጠቀኝ። ግድግዳው ላይ ምስማር መትቶ ሰቀለው። ጀርባው ላይ በእርሳስ እየለካ ይጽፋል፦ ነሐሴ 64.5፣ ጥቅምት 64.3፣ ጥር 64.0።

አሁን ሰኔ ገብቷል። ዛሬ ጠዋት ካሊፐሩን ፈልጌ አጣሁት።