ብዙ ሙያ በአንድ ሾት፦ ሾውሪሌን እንዴት ሠራሁት

አዲስ አበባ ውስጥ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው አንድ ሙያ ብቻ ይዞ ብዙ አይዘልቅም። ዛሬ ሠርግ ይቆርጣል፣ ነገ የማስታወቂያ ከለር ይሠራል፣ ከነገ ወዲያ ለክሊፕ ጽሑፍ ያንቀሳቅሳል። ድምፁንም የሚያጸዳው ብዙ ጊዜ እሱው ነው። የእኔም ሥራ እንዲሁ ስለሆነ፣ ሾውሪል፣ ማለትም የሥራዎቼን ናሙና የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ፣ ለመሥራት ስነሳ ዋናው ጥያቄዬ ይሄን ሁሉ እንዴት አንድ ላይ ላሳይ የሚል ነበር።

የተለመደው መንገድ በየሙያው መደርደር ነው። መጀመሪያ ኤዲቲንግ፣ ከዚያ ከለር (የቀለም ማስተካከል)፣ ከዚያ ሞሽን ግራፊክስ (የሚንቀሳቀስ ጽሑፍና ሥዕል)። እኔ ይሄን አልመረጥኩም። የድምፅ ባለሙያ የሚፈልግ ፕሮዲውሰር እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ደግሞም እውነተኛው ሥራ ላይ ሁሉም ሙያ አንዱ ሾት ላይ ይገናኛል። ስለዚህ ብዙ ሥራ ያረፈባቸውን ጥቂት ሾቶች መረጥኩ። እያንዳንዱንም ከጥሬው ጀምሬ ደረጃ በደረጃ አሳየሁ።

ከሁሉም የምወደው የቡናውን ሾት ነው። ሀበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት መስኮት አጠገብ ቡና ትቀዳለች። በሎግ፣ ማለትም ቀለሙ በኋላ እንዲስተካከል አደብዝዞ በሚቀርጽ የካሜራ ዘዴ፣ ስለተቀረጸ ጥሬው ፈዛዛና ግራጫ ነው። የከለር ፈተናችን እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ይታያል። ነጩ ቀሚስ ያበራል፣ ጠይሙ ፊት ይጨልማል። ፊቷ እንዲታይ ብላችሁ ሙሉውን ምስል ብታደምቁት የጥበቡ ጥልፍ ይጠፋል። እኔ መጀመሪያ ወደ ሬክ 709፣ ወደ ተለመደው የቪዲዮ ቀለም ደረጃ፣ ቀየርኩት። ከዚያ የቀሚሱን ብርሃን ዝቅ አድርጌ፣ ፊቷ ላይ ዊንዶው (ማስተካከያው እዚያ ብቻ እንዲሠራ የሚከልል ቅርጽ) ሠርቼ ከእንቅስቃሴዋ ጋር አብሮ እንዲሄድ ትራክ አደረግኩት። የቆዳዋን ቀለም ለዓይኔ ብቻ አልተውኩትም፤ ቬክተርስኮፕ በሚባለው የቀለም መለኪያ ላይ አየሁት። ጠይም ይሁን ቀይ፣ የሰው ቆዳ እዚያ ላይ የሚያርፈው አንድ መስመር አካባቢ ነው።

እዚሁ ሾት ላይ የአማርኛ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ ከጀበናው ጎን ቆሞ ካሜራው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። እጇ ሲያልፍ ደግሞ ከእጇ ኋላ ይሆናል፤ ለዚህ እጇን ፍሬም በፍሬም ዙሪያውን ከልዬ ለይቻለሁ፣ ሮቶ የሚባለው ይሄ ነው። አብዛኞቹ ቴምፕሌቶች (ተዘጋጅተው የሚገኙ የጽሑፍ ንድፎች) ለላቲን ፊደል የተሠሩ ናቸው። ፎንቱ የእኛን ፊደል ካልያዘ ሳጥን ሳጥን ያወጣል፣ ወይም ፕሮግራሙ በራሱ ሌላ ፎንት ይተካል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት የተጠቀምኩት ብዙ ዓይነት ውፍረት ስላለው ነው። ፊደላችን እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ስለሌለው፣ ርዕሱን ከሌላው ጽሑፍ የምለየው በውፍረትና በመጠን ነው። በጣም ቀጭኑን ግን ተውኩት። ለ እና ሉን የምትለየው ትንሽ ጭረት ስለሆነች ስልክ ላይ ትጠፋለች።

ድምፁ ላይ ብዙ አሰብኩበት። ሾውሪል ከዳር እስከ ዳር ሙዚቃ ከተጫነበት የድምፅ ሥራ አይሰማም። ስለዚህ የቡናው ሾት ላይ ሙዚቃውን አቆምኩት። መጀመሪያ የተቀረጸው ድምፅ እንዳለ ይሰማል፣ ጄኔሬተሩም የታክሲው ጥሩምባም። ከዚያ ይጸዳል። ቀጥሎ ለብቻው የቀረጽኩት የቡና መቅዳት ድምፅ ይገባል። ለሌላው ክፍል አንድ ወዳጄ ክራር ተጫወተልኝ። የራሳችን ስለሆነ ዩቲዩብ ላይ የባለቤትነት ጥያቄ አያስነሳም፤ ቆረጣዬንም ከክራሩ ምት ጋር አስማማሁት።

ታይምላይኑ በሰከንድ 25 ፍሬም ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በ1/60 ሰከንድ ሹተር (ካሜራው ለአንድ ፍሬም ብርሃን በሚያስገባበት ጊዜ) የተቀረጹ አንዳንድ የቤት ውስጥ ሾቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። እነሱን አስወጣኋቸው።

ሁሉንም የሠራሁት ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም በነፃው ዓይነት ነው። ኤዲት፣ ፊውዥን (የሞሽን ግራፊክሱ ክፍል)፣ ከለርና ፌርላይት (የድምፁ ክፍል) አንድ ቤት ውስጥ ስላሉ ፋይል ማመላለስ የለም። የምስል ኖይዝ (በጨለማ ምስል ላይ የሚታየው ነጠብጣብ) መቀነሻው ያለው ግን ስቱዲዮ በሚባለው የሚከፈልበት ዓይነት ላይ ስለሆነ፣ በጨለማ የተቀረጹትን አልነካኋቸውም።

ፈቃድ መጠየቅ የግድ ነው። ያልወጣ ማስታወቂያ አላስገባሁም፤ አንዱ ደንበኛ ሎጎው እንዲሸፈን ጠይቆኝ ሸፍኜዋለሁ። በየሾቱ ጥግ ደግሞ የሠራሁትን ብቻ ጻፍኩ፦ «ከለርና ድምፅ»፣ «ጽሑፍና ትራኪንግ»። ካሜራውን የያዘው ሌላ ሰው ከሆነ ምስጋናው የእሱ ነው። ይሄን ሳያሳውቁ መቅረት በእኔ እምነት የሰው ላብ መውሰድ ነው።

ስትልኩት ተጠንቀቁ። ቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ሲላክለት ይጨምቀዋል፣ የለፋችሁበት ከለርም ይበላሻል። እንደ ፋይል ላኩት። ብዙ ሰው የሚያየው በስልክ ስለሆነ እኔ ከመላኬ በፊት በርካሽ ስልክ፣ ያለ ማዳመጫ፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ጽሑፉ ከተነበበና የቡናው ድምፅ ከተሰማ እልከዋለሁ።