እግር የማታሳርፍ ሳይክል

አሮጌዋን ማውንቴን ሳይክሌን ዛሬ ፊክስድ አደረግኳት፤ ማለትም ፔዳሏ ከኋላ ጎማው ጋር የተቆላለፈ ሆነ። ካምቢዮ (ማርሽ መቀየሪያው)፣ ሽቦ፣ የማርሽ መዓት ሁሉ ወለቀ፤ የኋላው ሞዞም (የጎማው እምብርት) ተቀየረ። የቀረው አንዳንድ ማርሽ ነው፦ ፊት 42፣ ኋላ 16 ጥርስ። በቃ።

ያስቸገረኝ ካቴናውን (ሰንሰለቱን) መወጠር ነው። ደግነቱ የድሮ ቴላዮ (የሳይክል አጽም) ስለሆነ የኋላ ጎማ የሚታሰርበት ክፍተት አግድም ነው። ጎማውን ወደ ኋላ ስበህ ካቴናውን ትወጥረዋለህ። ክፍተቱ ወደ ታች የሚወርድ ቢሆን ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር። ሦስቴ ወጠርኩ፣ ሦስቴ ረገበ። ሳይክል ሠሪው ጋሼ ሲያዩኝ ቆይተው "ምነው ልጄ፣ ሰው ማርሽ ይጨምራል እንጂ ይቀንሳል እንዴ?" አሉኝ።

አመሻሽ ላይ ባሕር ዳር ዘንባባዎቹ ሥር ሞከርኳት። እንደ ልማዴ እግሬን ላሳርፍ ስል ፔዳሉ ሽቅብ ወረወረኝ! ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራላ። የፊት ፍሬኑን አለመንቀሌ በጀኝ። ሱሪዬ ግን ግራሶ ጠጥቶ ገባ።